ባሌን በውሃው በኩል እዩት

ሐዋሳ ላይ «ባሌ ልሄድ ነው» ካላችሁ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቀይ ቀበሮ ልታዩ?» እውነትም ቀበሮው የሚያስኬድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ግን ቀበሮውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ትልቁን ነገር ሳያይ የተመለሰ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ውሃው ልጻፍላችሁ። ውሃውን ከተከተላችሁ አውሬውም፣ ደኑም፣ ከብት የሚጠብቀው ሰውም፣ ዋሻ ውስጥ ዱዓ የሚያደርገውም አንድ መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

መንገዱ ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዶዶላና በአዳባ ነው። የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ፈረስ ላይ ሆኖ ጋቢውን የተከናነበ ሰው በየመንገዱ ያጋጥማችኋል። ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሌ ክልልና ወደ ሶማሊያ በሚያደርገው ረጅም ጉዞ ገና ብዙ ሳይርቅ በዚሁ አካባቢ የመልካ ዋከና ግድብ ይይዘዋል። ግድቡ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከዚያ ዲንሾ ትደርሳላችሁ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሐዋሳ ሙቀት የሄደ ሰው ገና ከመኪና ሲወርድ ጃኬቱን ይፈልጋል። በጥዱና በኮሶው መካከል በእግር ስትሄዱ የደጋ አጋዘን በቅርብ ታያላችሁ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እዚህ ግን ቆሞ ያያችኋል፣ ከዚያ ወደ ግጦሹ ይመለሳል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ያወጣችኋል። እዚያ ከፍታው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጎኑ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ዛፍ የለም። ጅብራው ብቻ እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትናንሽ ኩሬዎች፣ ረግረግ፣ ድንጋይ፣ አጭር ሣር። ሰዉ ከመኪና ወርዶ በካሜራ ቀበሮ ሲፈልግ እኔ መሬቱን ሳይ ቆየሁ። እግራችሁን ባሳረፋችሁበት ሁሉ ወይ እርጥብ ነው ወይ ጉድጓድ። ጉድጓዱ የፍልፈሉ ነው። ይህኛው ፍልፈል ባሌ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ትልቅ ሲሆን አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ መጀመሪያ አፈሩ ሲገፋ ታያላችሁ። ከዚያ ወፍራም ጭንቅላት ብቅ ይላል፤ ዓይኖቹ ወደ ላይ ወጣ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ግማሽ አካሉን አውጥቶ በአቅራቢያው ያለውን ሣር በጥርሱ ነጭ ነጭ ያደርግና ወደ ኋላው ይመለሳል፤ ሲጨርስ የጉድጓዱን አፍ መልሶ በአፈር ይደፍነዋል። ቀበሮው ደግሞ ይህንን ያውቃል። ጆሮውን አቁሞ፣ ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ ይጠብቃል።

ዝናቡ በዚህ አምባ ላይ ይወርዳል፤ ረግረጉና የላላው አፈር ይዞ ያቆየዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይለቀዋል። የወንዞቹ ጉዳይ እዚህ ነው ያለው። ዋቢ ሸበሌ፣ ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል፣ ገናሌ፣ ሁሉም ከእነዚህ ተራሮች ውሃ ይቀበላሉ። በረሃው ውስጥ፣ እስከ ሶማሊያና ሰሜን ኬንያ ድረስ፣ በዚህ ውሃ የሚኖረው ሕዝብ 12 ሚሊዮን አካባቢ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ጎዴ ላይ ግመሉን የሚያጠጣ ሰው ሳነቴን አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ኑሮው ግን ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ። ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገ ስብሰባ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በዚያው ስብሰባ ለሐዋሳ ቅርብ የሆነው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም ተመዝግቧል። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አመዘጋገቡ ግን ይለያያል፤ ጌዴኦ በባህል፣ ባሌ በተፈጥሮ። እኔ ባሌ ላይ እነዚህን ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ሰው እዚያ ተራራ ላይ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ፊንጫ ሐበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ ተቆፍሮ ነው፤ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር ነው፤ እሳት አንድደው፣ ባልጩት ጠርበው፣ ፍልፈል ጠብሰው በልተው። አዎ፣ ያንኑ ፍልፈል። ያኔ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር፤ ታች ያለው ቆላ ሲደርቅ እላይ ግን ከበረዶው የሚቀልጥ ውሃ አይጠፋም። ሰዎቹን እዚያ ብርድ ውስጥ ካቆያቸው ነገር አንዱ ይኸው ውሃ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ተራራውን የማይበት ዓይን ተቀየረ።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ አየሩ በአንዴ ይለወጣል። መጀመሪያ አስታው ይጀምራል፣ ግንዱ ላይ የድንጋይ ሽበት ተንጠልጥሎበት። ከዚያ ሐረና ደን ነው፤ ሪራ የምትባለውን መንደር አልፋችሁ ቀርከሃ፣ ቀጥሎም በትልልቅ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና። ማሩ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ይወርዳል። አንበሳና ተኩላም እዚሁ ደን ውስጥ አሉ ይባላል፤ እኔ አላጋጠሙኝም። ቀርከሃ የሚበላው የባሌ ጦጣ ግን የእኛም ነው፤ በሲዳማ ደጋዎች ተቆራርጠው በቀሩ ደኖች ውስጥም ይኖራል።

ወይብን ተከትላችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ከሮቤ በጎሮ በኩል ከወረዳችሁ ደግሞ ሶፍ ዑመር ትደርሳላችሁ። ይህ ከፓርኩ ክልል ውጭ ነው፤ ወንዙ ግን ያው ነው። ተራራው ላይ በእግር የሚሻገሩት ወይብ እዚህ ሲደርስ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ከመሬት በታች ይገባል። የዋሻው መተላለፊያ ሁሉ ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአገራችን ከሚታወቁት ረጅሙ ነው። ውስጡ የዓምዶቹ አዳራሽ የሚሉት ቦታ አለ። ውሃ ብቻውን የጠረበው ዓምድ ከወለል እስከ ጣራ ቆሟል፤ ባትሪያችሁን ወደ ላይ ስታበሩት ብርሃኑ የማይደርስበት አለ። እጄን አንዱ ዓምድ ላይ አሳረፍኩት፤ ለስላሳ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጎርፉ የደረሰበት መስመር ከቁመቴ በላይ ይታያል።

ዋሻው ስሙን ያገኘው ሶፍ ዑመር ከተባሉ የሃይማኖት አባት ነው፤ ከደረሶቻቸው ጋር እዚያ ይጸልዩ እንደነበር ይነገራል። ዛሬም ሰው ለዱዓ ይመጣል። ከዚያ ወደ ሰሜን ደግሞ ድሬ ሼህ ሁሴን አለ፤ ተሳላሚዎቹ ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው ከሩቅ አገር በእግር ይጓዛሉ።

የባሌ አርሲ ኦሮሞ ከዚህ ውሃ ጋር የሚኖርበት የራሱ ሥርዓት አለው። ጎዳንቱ ይሉታል። ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ማዘዋወር ነው፤ አንዱ መሬት ሲያርፍ ሌላው ይጋጣል። ሆራ የሚባለው ማዕድን ያለው ምንጭም አለ፤ ከብቱ በየጊዜው ወደዚያ ይነዳል። ይህ ሥርዓት መሬቱን የሚያሳርፍ ነበር። አሁን ግን ብዙው ሰው እላይ ቋሚ ቤት ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል፣ ከብቱም አብሮት። ረግረጉ ይረገጣል፣ አስታው ይቃጠላል፣ እርሻው ወደ ላይ ይገፋል። ከሰው ጋር ውሻ ይመጣል፤ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታና ሌላም ያመጣል፣ ቀበሮው ደግሞ ያልቃል። በሽታው በተነሣባቸው ዓመታት ብዙ ቀበሮ ሞቷል፤ ለዚህ ነው የመንደሩን ውሾች መከተብ ትልቅ ሥራ የሆነው።

«ሰውን አስወጡት» የሚል አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ጎዳንቱን የሚያውቀው ሽማግሌ ከሌለ ማን ሊያስተምረን ነው? «ተዉት፣ እንደ ፈለገ ይኑር» የሚለውም አይዋጥልኝም። ከአገሬው ጋር ቁጭ ብሎ የት ይጋጣል፣ የት ያርፋል ብሎ መስማማት ያስፈልጋል፤ ለሚያርፈው መሬት ደግሞ ለሰዉ የሚተካ ገቢ መኖር አለበት። የሐረና ቡናና ማር በደህና ዋጋ ቢሸጥ ከብዙ ክልከላ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ሐዋሳ ለምንኖር ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ወደ ሐይቃችን ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። እሱም የሚያልፍበት ጨለለቃ አንድ ጊዜ ራሱ ሐይቅ ነበር፤ ከላይ ከኮረብቶቹ የታጠበው ደለል እየሞላው ዛሬ ረግረግ ነው። እላይ የሆነው ታች ምን እንደሚያመጣ በዓይናችን አይተናል።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የሌሊቱ ብርድ ግን ከባድ ነው፤ ወፍራም ልብስ ያዙ። ዲንሾ ላይ ከአገሬው ልጆች አስጎብኚ ያዙ፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል፣ እነሱ የሚያሳዩአችሁንም ብቻችሁን አታገኙትም። ሳነቴ በደረሳችሁበት ቀን አትሩጡ፣ ከፍታው ራስ ያማል። ሶፍ ዑመርን ደግሞ በዝናብ ወቅት አታስቡት፤ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስላለ ውሃው ሲሞላ መግባት አይቻልም።