ሚዛኑ የቆጠረውና ቀበቶው የቆጠረው

ለሁለት ዓመት ያህል ክብደቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ሲጨምርና ሲቀንስ፣ ምክንያቱን የምፈልገው በምበላው መጠን ላይ ብቻ ነበር። ጠዋት የላላው ቀበቶ ማታ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ራሴን ጠይቄ «የማይስማማኝ ምግብ ይኖር ይሆን?» ወደሚለው ጥርጣሬ የደረስሁት ዘግይቼ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነበር፤ ከውፍረት ጋር ያያያዝሁበት መንገድ ግን የተሳሳተ ነበር።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ገደማ ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ስለዚህ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ማከማቸት ሰውነት ከሚያቃጥለው ላይ ከ15,000 የሚበልጥ ኪሎ ካሎሪ ጨምሮ መብላትን ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ያን ያህል ሆዳም አይደለሁም። እንዲህ በፍጥነት የሚወጣውና የሚወርደው ውኃና ገና ከአንጀት ያልወጣ ምግብ ነው። ለምሳሌ የወተትን ስኳር (ላክቶስን) የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያነሰው ሰው ወተት ሲጠጣ፣ ያልተፈጨው ላክቶስ ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስም ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይፈጠራል። ጋዝ ሚዛን ላይ ይህ ነው የሚባል ክብደት የለውም፤ ቀበቶ የሚያጠብቀው ግን እሱ ነው። ክብደቴንና የወገቤን ዙሪያ ለያይቼ መመዝገብ ስጀምር ነው ነገሩ መልክ የያዘልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ገንዘቤን አባክኛለሁ። በደም ውስጥ ያለውን ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ የተባለ ፀረ-አካል ለክቶ የማይስማማ ምግብ ያሳያል የተባለ ምርመራ አድርጌ፣ የ23 ምግቦች ዝርዝር ተሰጠኝ። ሁሉንም ተውኋቸውና በአንድ ወር ሦስት ኪሎ ቀነስሁ፤ የሚበላ ነገር ስላልቀረልኝ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ይህ ፀረ-አካል በአብዛኛው የሚናገረው ሰውየው ምግቡን በልቶ እንደሚያውቅ ነው፤ የአሜሪካ፣ የካናዳና የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራትም ለዚህ ዓላማ እንዳይውል ይመክራሉ።

በኋላ ያገኘኋት የሥነ ምግብ ባለሙያ በመጀመሪያ ያዘዘችኝ ስንዴ እንደገና እንድበላ ነበር። ከ100 ሰዎች አንዱን ገደማ የሚይዘው ሴሊያክ የተባለ በሽታ በደም ምርመራ የሚታወቀው ሕመምተኛው በስንዴ ውስጥ ያለውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን እየበላ ከሆነ ነው፤ አስቀድሞ የተወ ሰው በሽታው ቢኖርበትም በምርመራው ላይታይ ይችላል። ሳያስቡት ክብደት መቀነስና በሰገራ ደም ማየትም ቶሎ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች መሆናቸውን አስጠነቀቀችኝ። የእኔ ውጤት ንጹሕ ሆነ።

ከዚያ በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩትን ዝቅተኛ ፎድማፕ የተባለ የአመጋገብ ዘዴ ተከተልን። ፎድማፕ የሚባሉትን በአንጀት ውስጥ በቀላሉ የሚብላሉ ካርቦሃይድሬቶች ለአራት ሳምንት ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ፣ መጠኑን በሦስት ቀን እየጨመሩ መመለስ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ይፈጽምና እዚያው ይቀራል፤ መልሱ ያለው ግን በመመለሱ ውስጥ ነው። የራሴ ፍርሃት እንዳያታልለኝም ባለቤቴ ተራ ወተትና ላክቶስ የሌለው ወተት በተለያየ ቀን፣ የትኛው እንደሆነ ሳትነግረኝ፣ ትቀዳልኝ ነበር። አንድ ቀን ላክቶስ በሌለው ወተት ሆዴ እንደተነፋ በእርግጠኝነት መዝግቤ፣ እውነቱን ስትነግረኝ አፍሬያለሁ።

በመጨረሻ ከ23ቱ ምግቦች የማይስማሙኝ ሆነው የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንድ ብርጭቆ ወተት ምንም አያደርገኝም፣ ሁለት ግን ይበዛብኛል። ስንዴ በመጠኑ ይስማማኛል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን በውስጣቸው ባለው፣ በስንዴም ውስጥ በሚገኘው ፍሩክታን የተባለ ካርቦሃይድሬት የተነሳ ወገቤን በአንድ ምሽት አራት ሴንቲ ሜትር ያሰፉታል። ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም፦ ግሉተን አይስማማንም ባሉ 59 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናትም ከግሉተን ይልቅ ሆዳቸውን የበጠበጠው ፍሩክታን መሆኑን አሳይቷል።

የክብደቴ መዋዠቅ አሁን ከአንድ ኪሎ አያልፍም፤ የወሩ አማካይ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ደብተሬን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ያገኘሁት ግንኙነት ሌላ ነው፦ ሆዴ በተነፋባቸው ቀናት የእግር ጉዞዬን እተው ነበር፤ ማታም እራቴን ትቼ ብስኩት እበላ ነበር። በዓመት ውስጥ የጨመርሁት እውነተኛ ስብ ካለ የመጣው ከሽንኩርቱ ሳይሆን ከእነዚያ ምሽቶች ይመስለኛል።