ካልነዳሁትስ?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ብሔራዊ ደን ላይ የእግር መንገድ ስንጠግን ነው። ጥብቁ የዱር ክልል ከሚጀምርበት ምልክት አጠገብ ድንጋይ እንደረድራለን። አንድ ብስክሌተኛ ላብ በላብ ሆኖ ዳገቱን ጨረሰና ምልክቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ታች ያለውን የብረት በር ሳልፍ ማንም አልከለከለኝም» አለ።

ልክ ነው። ያ በር የተዘጋው ለመኪና ነው። የደን መንገድ ለመኪና ቢዘጋም፣ የተለየ ማስታወቂያ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌት ያልፋል። የዱር ክልሉ ግን ሌላ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው አዋጅ ሞተርን ብቻ ሳይሆን ሜካኒካል መጓጓዣን ሁሉ ይከለክላል።

«እሺ፣ አልነዳውም። እየገፋሁት ልለፍ።»

«መግፋትም አይቻልም።»

«ልሸከመው?»

«መሸከምም አይቻልም። ይዘው መገኘትዎ ራሱ ክልክል ነው።»

ብስክሌቱን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣው። «እስቲ አሁን ማን ነው ማንን የሚያጓጉዘው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ምን ልበለው? ደንቡ ብስክሌትንና ሃንግ ግላይደርን (ሰው ተንጠልጥሎበት የሚበርበትን ሞተር አልባ ክንፍ) አንድ መስመር ላይ ነው የሚከለክላቸው። ይህን ብነግረው ጭራሽ መሳቂያ ያደርገኛል ብዬ ተውኩት።

ይሄኔ አለቃችን መጣ። ደረቱን ነፍቶ ስለ ሕጉ ረጅም ንግግር አደረገ። «ጎማ ያለው ነገር እዚህ አይገባም! እኛ እንኳ ዛፍ የምንቆርጠው በእጅ መጋዝ ነው።» (ተሽከርካሪ ወንበር ይገባል፤ ግን ማን ደፍሮ ያርመዋል?)

ይሄ እንግዲህ በዚያው ሰሞን ድንጋዩን በእጅ ጋሪ ካላመጣን ብሎ ያስቸገረን ሰው ነው። ጋሪም ክልክል ነው ስለው «አንተ ደግሞ ደንብ ማንበብ ታበዛለህ» ብሎ ሠራተኛው ፊት አሹፎብኛል።

ሰውዬው ብስክሌቱን አወረደና «ይህን ምልክት በሩ ጋ ብታቆሙት ምን ነበረበት?» ብሎ ተመለሰ። አለቃችን ያልሰማ መሰለ። ለእኔ ግን ከአለቃችን ንግግር ሁሉ ይልቅ የገባኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ያን ዳገት አውቀዋለሁ።

ከዛፍ ጀርባ የተደበቀውን ጋሪ አነሳሁና በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ታች መውረድ ጀመርኩ።

«የት ልትወስደው ነው?» አለ አለቃዬ።

«ጎማ አለው» አልኩት።