የጄራሲሞቭ፣ የድሬልና የሂርን የድምር ሕግን በቁጥር እንዴት እንደፈተሽኩት

ኑክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) ለተበተነ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚሰጠውን ምላሽ ከሚገልጹ የንድፈ ሐሳብ ዝምድናዎች መካከል እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ፣ ጄራሲሞቭ በአንድ ወገን፣ ድሬልና ሂርን በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የደረሱበት የድምር ሕግ ነው። የፎቶኑና የፕሮቶኑ ስፒን (ውስጣዊ ሽክርክሪታቸው) ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ካለው የመምጠጥ ክሮስ ሴክሽን (ፕሮቶኑ ፎቶኑን የመምጠጥ ዕድሉ መለኪያ) ላይ፣ በተቃራኒ ሲያመለክቱ ያለው ይቀነሳል፤ ልዩነቱም ለፎቶኑ ጉልበት ተካፍሎ በጠቅላላው የጉልበት ክልል ላይ ይደመራል። ውጤቱን የሚወስኑት የፕሮቶኑ መጠነ ቁስና ያልተለመደው ማግኔታዊ ሞመንቱ (የማግኔት ጥንካሬው ለነጥብ መሰል ቅንጣት ከሚጠበቀው የሚለይበት መጠን) ብቻ ናቸው። አንድ ረጋ ያለ የማግኔት ባሕርይ ስለ ፕሮቶኑ የውስጥ መነቃቃት ሁሉ ይህን ያህል መናገሩ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ሥራውን የጀመርኩት ከእኩልታው ቀኝ ወገን፣ ማለትም መጠነ ቁሱና ሞመንቱ ከሚሰጡት ዋጋ ነበር፤ ምክንያቱም መድረሻውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በመንገዱ ላይ የሚገጥመውን እያንዳንዱን ቁጥር ሊመዝነው ይችላል። ያልተለመደውን ሞመንት 1.793፣ መጠነ ቁሱን 0.938 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አድርጌ ሳሰላው 205 ማይክሮባርን (የክሮስ ሴክሽን መለኪያ) ገደማ አገኘሁ።

የግራው ወገን፣ ማለትም በጉልበቱ ክልል ላይ የሚደመረው፣ ግን በየክልሉ መከፋፈል ነበረበት። ከ200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በታች፣ ፓዮን የተባለው ቀላል ቅንጣት መፈጠር በሚጀምርበት አካባቢ፣ ተቃራኒው ስፒን ስለሚያመዝን ሞዴሎች ወደ 28 ማይክሮባርን የሚጠጋ አሉታዊ ድርሻ ይሰጣሉ። ከ200 እስከ 800 ባለው ክልል በጀርመኗ ማይንዝ የተለካው 226 ማይክሮባርን ነው፤ እዚህ የሚገዛው በ340 አካባቢ ጎልቶ የሚታየው የዴልታ ሬዞናንስ (የፕሮቶኑ የመጀመሪያው የተነቃቃ ሁኔታ) ነው። በቦን ከዚያ ጀምሮ እስከ 2.9 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ የተለካው 27.5 ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ያለው የከፍተኛ ጉልበት ግጭቶችን በሚገልጸው በሬጄ ንድፈ ሐሳብ ተገምቶ 14 ያህል ይቀንሳል። ድምሩ 212 አካባቢ ይሆናል፤ የማይንዙ ልኬት ብቻውን ከ10 በላይ የሥርዓታዊ ስሕተት ስላለው ከ205 ጋር ይስማማል ማለት ይቻላል። የዴልታን ድርሻ ብቻ አይቶ ሕጉ ጸንቷል ማለት ግን ጥድፊያ ነው፤ ዳርና ዳር ያሉት አሉታዊ ድርሻዎች ባይኖሩ ድምሩ ከልክ በላይ ይሆን ነበር።

ከዚህ የተማርኩት ዋና ነገር፣ ኢንተግራሉ (በጉልበቱ ክልል ላይ ያለው ድምር) ለጉልበቱ ስንት ጊዜ መካፈሉ የሥራውን ክብደት ሁሉ እንደሚወስን ነው። ባልዲን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ሕግ አጠቃላዩ ክሮስ ሴክሽን የሚካፈለው ለጉልበቱ ካሬ ስለሆነ፣ የከፍተኛ ጉልበት ጭራው በፍጥነት ይዳከማል፤ ስለዚህም የኤሌክትሪክና የማግኔት ፖላራይዘቢሊቲ (በውጭ መስክ ሥር ቅርጹ የሚዛባበት መጠን) ድምር ለፕሮቶን ከፌምቶሜትር ኩብ አሥር ሺህኛ 14 ገደማ መሆኑ በጥሩ ትክክለኛነት ይታወቃል። የስፒኑ ሕግ ለጉልበቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚካፈል ጭራው ይረዝማል፤ በዚያ ላይ የስፒን አምፕሊቲዩዱ (የብተናው በስፒን የሚወሰን ክፍል) በከፍተኛ ጉልበት በበቂ ፍጥነት እንደሚወርድ መገመትን ይጠይቃል። ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ከኮምፒውተሩ ስሌት በፊት የጭራውን ግምት በወረቀት ላይ ቢያስቀምጥ እመክራለሁ።

ለኒውትሮን የቀኙ ወገን ወደ 233 ማይክሮባርን ይሆናል፤ ነገር ግን የነጻ ኒውትሮን ዒላማ ስለሌለ ልኬቱ በዲውተሮን ወይም በሂሊየም 3 ይሠራል፤ በኒውክሊየስ ውስጥ የመታሰር ውጤትም ተለይቶ መታረም አለበት።