ሐሙስ ቀን የት ነበርክ?

አሜሪካ ልማር ስሄድ ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ፣ ከዚያ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በረርኩ። ስለ በረራው የማወራው ብዙም የለኝም፤ ስተኛ ስነቃ ደረስኩ። ያናደደኝ ታክሲው ነው። ኮሌጁ ያለባት ትንሽ ከተማ ድረስ 140 ዶላር ተቀበለኝ። ቀድሞ ላሳወቀ ተማሪ የኮሌጁ መኪና በነፃ እንደሚመጣ የሰማሁት በኋላ ነው። ማን ነግሮኝ!

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። ያየኝ ሁሉ ፈገግ ብሎ «ሃው አር ዩ?» ይለኛል። ቆሜ ልመልስ ስል ግን ሰውየው አልፎ ሄዷል። እኛ ጋ እኮ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ እናትህ ተሻላቸው ወይ ሳይባባል የሚተላለፍ የለም። ባሕር ዳር ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ስንኖር ሻዩን ማን ከፈለ ተብሎም አያውቅም። እዚህ ፒዛ በልተን እኔ ልክፈል ብዬ ብታገል ሁሉም ግራ ተጋብተው አዩኝና የየራሳቸውን ከፈሉ። ያን ማታ በጣም ከፋኝ። የጠሉኝ መሰለኝ።

በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድም። እኔም ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የተማሪዎች ካፌ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። አብሮኝ የሚያጥበው የገበሬ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። ሳምንታት ያለ ወሬ አጠብን። አንድ ቀን «የሚመጣው ረቡዕ በ6 ሰዓት ተኩል ምሳ እንብላ?» አለኝ። ለምሳ የሳምንት ቀጠሮ! መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የኛ ሰው በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ግን ረቡዕ ደረሰ፣ ከኔ ቀድሞ መጥቶ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወዲያ አንድም ረቡዕ አልቀረም።

ኖቬምበር 2024 ታንክስጊቪንግ መጣ፤ አሜሪካኖች ሐሙስ ቀን ከቤተሰብ ጋር ተሰብስበው የሚበሉበት የምስጋና በዓል። ዶርሙ ባዶ ሆነ፣ ካፌው ተዘጋ። ሐሙስን በዳቦና በለውዝ ቅቤ ዋልኩ። ማታ ኮሪደሩ ላይ የበር ድምፅ እንኳ የለም፣ እናቴ ስትደውል ጓደኞቼ ጋ ነኝ አልኳት። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ማክሰኞ ሰሃን ልናጥብ ስንገናኝ ጓደኛዬ «ሐሙስ የት ነበርክ?» አለኝ። ነገርኩት። እጁን ከውሃው አወጣ፤ ፊቱ ቀላ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳትጠራኝ?»

ኮሎምበስ ብዙ ሐበሻ ስላለ ዘመድ ጋ የሄድኩ መስሎት ኖሯል። የሰው በዓል ውስጥ መግባት ነውር ነው ብሎ ዝም አለ። እኔም ሳልጠራ መሄድ ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሃምሳ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው ቤታቸው።

እናቱ የላከችውን የዱባ ኬክ ከፎይሉ አውጥቶ ቆመን በላን። ከዚያ እጁን አደራርቆ ስልኩን አወጣና የሚቀጥለው ታንክስጊቪንግ፣ ኖቬምበር 27፣ 2025 ላይ ስሜን ጻፈ።