የአባቴ ቶርኖ

ዛሬ ልጄን ይዤ ድሬዳዋ ከዚራ፣ አሮጌው ምድር ባቡር ግቢ ገባሁ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ድሬም ያኔ ተወለደች። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ልጄ በአንድ እርምጃ ተሻገረው።

ወርክሾፑ ግን ሆዴን አባባው። የግራሶው ሽታ አሁንም አለ፤ አባቴ ማታ ማታ ይዞት የሚገባው ያው ሽታ። ያስጎበኙን ጋሼ ፈረንሳይኛ ጣል እያደረጉ አንዱ ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን ጋ አደረሱን። እጀታው ከመያዝ ብዛት ለስልሶ ያብለጨልጫል።

«አባዬ፣ አያቴ ይሄን ነበር የሚይዘው?» አለኝ ልጄ።

«አዎ» ማለት አቃተኝ። እጁን ይዤ እጀታው ላይ አስቀመጥኩለት። ይህ ቦታ በደንብ ተጠብቆ ሙዚየም ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ቤት ስንገባ መዳፉን አልታጠብም ብሎ አስቸገረን።