ፍሎረንስ ውስጥ ያገኘሁት ጉጠት

ፍሎረንስ የሄድኩት የማይክል አንጄሎን ዳዊት ለማየት ነበር። አላየሁትም። ትኬት አስቀድሜ አልቆረጥኩም፤ ሰልፉ ደግሞ ጫፉ አይታይም። በዚያ ላይ ዝናብ ጀመረ። እየተነጫነጭኩ ወደ መሃል ከተማ ስወርድ ኦርሳንሚኬሌ የሚባል ሕንፃ ጥግ ተጠለልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ነው ቢሉኝም አይመስልም። በፈረንጆቹ 1337 ግንባታው ሲጀመር ለእህል ገበያ ታስቦ ነበር፤ ፎቁ ጎተራ ነበር። የውጭ ግድግዳው ዙሪያውን እንደ ትንሽ ጎጆ እየተፈለፈለ በየጎጆው ቅዱስ ቆሞበታል። አሁን ውጭ ያሉት ቅጂዎች ናቸው። ሐውልቶቹን ያሠሯቸው ግን ነገሥታት አይደሉም፤ የባለሙያ ማኅበራት ናቸው።

እኔን ያስቆመኝ የብረት አንጥረኞቹ ማኅበር ሐውልት ነው። የቀራጩ የናኒ ዲ ባንኮ ሥራ ነው፤ ቅዱስ ኤሊጂዮ። ከእግሩ ሥር የተቀረጸውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፈረስ በሦስት እግሩ ቆሟል፤ አራተኛዋ እግር ቅዱሱ ጋ ናት! ፈረሱ ብረት አልመታም ብሎ ቢያስቸግር፣ እግሩን ቆርጦ፣ ብረቱን መትቶ፣ መልሶ ገጠመለት ይላሉ።

አርማቸው ደግሞ ጉጠት ነው። በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጉጠት። አንበሳ የለ፣ ዘውድ የለ። ሁለት እጀታ፣ ሁለት መንጋጋ፣ በቃ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንጥረኛ ቤት ወናፍ ሲነፋ ቆሜ ሳይ የዋልኩ እንደሆነ፣ አክስቴ «ቡዳ ይበላሃል» ብላ ጤና አዳም ታሸተኝ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ስንት ዘመናቸው! እዚህ ያንኑ ጉጠት እንደ መኳንንት ጋሻ አንግበውታል።

ለነገሩ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ከ1293ቱ ሕግ በኋላ በፍሎረንስ መሾም የፈለገ ሰው የማኅበር አባል መሆን ነበረበት። ገጣሚው ዳንቴ እንኳ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ዘንድ ተመዝግቧል።

በሰሜን በኩል የግንበኞችና አናጺዎች ማኅበር አለ። አርማቸው መጥረቢያ ነው። ጎጇቸው ውስጥ አራት ቅዱሳን አብረው ቆመዋል፤ ከሥራቸው አራት ሠራተኞች ተቀርጸዋል፦ አንዱ ግንብ ይገነባል፣ አንዱ ዓምድ ይሰረስራል፣ አንዱ በኮምፓስ ይለካል፣ አንዱ ከድንጋይ ሕፃን ያወጣል። ቅዱሳኑን ትቼ እነሱን ሳይ ቆየሁ። ቀራጩ የራሱን ሙያ ስለሚያውቅ ነው መሰለኝ እጆቻቸው ሕይወት አላቸው።

ሀብታሞቹ ግን መሣሪያ አልወደዱም። የጨርቅ ነጋዴዎቹ ካሊማላዎች እስር ጨርቅ የጨበጠ ንስር፣ የሱፍ ማኅበሩ በግ መረጡ። ሐውልታቸውንም ከነሐስ አሠሩ፤ እነ አንጥረኛ እብነ በረድ ይበቃቸዋል። ሥጋ ሻጮቹን ቢላዋ ጠብቄባቸው ነበር፤ ጥቁር ፍየል ሆነው ተገኙ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጉጠቱ ተመልሼ ፎቶ አነሳሁና ለወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ፦ «ፍሎረንስ ድረስ ሄደህ ጉጠት?»