ፈረሱን ከመጫናችሁ በፊት መሬቱን ርገጡት

ሰማዩ ጠራ ብሎ ፈረስ መጫን የተለመደ ስህተት ነው። ሰማይ የሚያሳየው የአሁኑን ነው፤ መሬቱ ግን የትናንት ማታውን ዝናብ ገና በውስጡ ይዞታል። ደግሞም ጥያቄው "ልጋልብ ወይስ ልቅር?" ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው መልስ "በእርምጃ ይሄዳል፣ ሶምሶማ ደረቁ ሜዳ ላይ ብቻ፣ ሽምጥ ግን ዛሬ የለም" የሚል ነው።

መሬቱን ለመፈተን ተረከዝ ይበቃል። ሙሉ ክብደታችሁን በአንድ ተረከዝ ላይ ጣሉ። አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ገብቶ ቅርጹን ከተወ ጥሩ ነው። ምንም ምልክት ካልተወ መሬቱ ጠጥሯል። የረገጣችሁበት ጉድጓድ ውሃ ካቆረ ወይም ጫማችሁ ተጎትቶ የሚወጣ ከሆነ፣ ፈረሱ ከእናንተ ብዙ እጥፍ እንደሚከብድ አስቡና ተዉት። ፈተናው ደግሞ በረቱ ደጃፍ ላይ አይደረግም። መንገዳችሁ ላይ ወዳለው መጥፎ ቦታ ሂዱ፤ ረባዳው፣ ውሃ የሚያቋርጠው፣ ዛፍ የሚያጠላበት መታጠፊያ። ደጁ ደርቆ አቧራ ሲያነሳ ጥላው ሥር ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚያታልለው ጥልቅ ጭቃ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ደርቆ የከረመ መሬት ላይ አጭር ዝናብ ሲወርድ ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ይርሳል፣ ከሥሩ ያለው እንደ ድንጋይ ነው። ኮቴው የሚቆነጥጠው አያገኝም። አጭር ሣር ላይ ያረፈ ጤዛም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ፈረሱ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ሲታጠፍ ግን ሰውነቱን ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል አራቱም እግሮቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ፣ ጋላቢውም ከሥሩ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ከመታጠፊያው ብዙ ቀደም ብላችሁ ወደ እርምጃ አውርዱት። ዳገትና ቁልቁለትንም በሰያፍ አትያዙት፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ኋላው ቢንሸራተት ቁጭ ይላል፣ በሰያፍ ቢንሸራተት ግን በጎኑ ይወድቃል።

ጭቃው ጥልቅ ሲሆን ችግሩ ሌላ ነው። የፊት እግሩ ተይዞ ለመነሳት ይዘገያል፣ የኋላው ግን በሰዓቱ ይደርስና የፊተኛውን ተረከዝ ይረግጣል። የብረት ጫማው ተነቅሎ የሚቀረው፣ አንዳንዴም የተረከዙ ሥጋ የሚቆረጠው በዚህ ነው። እግሩን ከጭቃ በሳበ ቁጥርም ጅማቱ ይወጠራል፤ የደከመ ፈረስ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ጭቃው ከኮቴው በላይ ከደረሰ በእርምጃ ብቻ፣ አጭር መንገድ ብቻ። ዋልካ በተለይ አስቸጋሪ ነው፤ ሲረጥብ ኮቴው ሥር ይጋገራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ኮቴ የሚውጥ ስንጥቅ ያበጃል። አሸዋማ አፈር ውሃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ከዝናብ በኋላ መጀመሪያ የሚመረጠው እሱ ነው።

የጠጠረ መሬት አያንሸራትት ይሆናል፣ ግን እያንዳንዱ ርምጃ ኮቴንና መገጣጠሚያን ይመታል። እርምጃ እንደልብ፣ ሶምሶማ ለጥቂት ደቂቃ፤ ዝላይና ሽምጥ ይቅሩ። ወንዙ ደፍርሶ ሥሩ ካልታየ አትሻገሩ፤ ትናንት ያለፋችሁበት ቦታ ዛሬ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል።

ሙቀትን በሚመለከት ቀላል ስሌት አለ። የአየሩን ሙቀት በፋራናይት ወስዳችሁ የአየሩን እርጥበት በመቶኛ ደምሩበት። ከ130 በታች ከሆነ ፈረሱ ራሱን ያቀዘቅዛል። 150 ሲደርስ ሥራውን ቀንሱ። 180 ከደረሰ አትጋልቡ። ለምሳሌ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 90 ፋራናይት ነው፤ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ 150 ደርሳችኋል። እርጥበቱ የሚቆጠረው ፈረስ የሚቀዘቅዘው በዋናነት ላቡ ሲተን ስለሆነ ነው፤ አየሩ ከረጠበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ስትመለሱ ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከሥራ በኋላ 20 ደቂቃ ቆይቶ ከ64 በታች ካልወረደ ቀዝቃዛ ውሃ ሳታቋርጡ በመላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱበት፤ የእንስሳት ሐኪምም አስጠሩ።

ነጎድጓድ ላይ ድርድር የለም። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ ድምፁ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል። ሜዳ ላይ ከፈረስ ጀርባ ከፍ ብሎ የሚታይ ሌላ ነገር የለምና ውረዱ፤ ከብቸኛ ዛፍና ከሽቦ አጥር ራቁ፣ ወደ ቤት ግቡ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ነፋስ የትልልቅ ዛፎችን ቅርንጫፍ እያወዛወዘ ሽቦ ላይ ካፏጨ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። ያኔ ፈረሱ በጆሮው የሚያምነው ነገር ስለሚጠፋ በትንሹም ይደነብራል። ገና ያልተገራውን ፈረስ በረት ውስጥ ተዉት።

ከእርጥብ መሬት ስትመለሱ ኮቴውን ቆርቁራችሁ ጠጠር አውጡ፣ የብረት ጫማው መላላቱን በእጃችሁ ነቅንቃችሁ እዩ፣ እግሩን አድርቁ፤ እርጥበት ያልለቀቀው ቆዳ ይሰነጠቃል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የፊት እግሮቹን ጅማት ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በመዳፋችሁ ዳስሱ። አንዱ ከሌላው የሚሞቅ ወይም ያበጠ ከሆነ የዚያን ቀን ኮርቻው አይነሳም።